ብረት የሌለው ልጓም

ልጄ ከካምፓላ ወጣ ብሎ ባለ የግልቢያ ክለብ የምትጋልባት ግራጫ ባዝራ አፏ ውስጥ የቆየ ቁስል ስለነበረባት፣ የልጓሙ ብረት በነካት ቁጥር ትደነብር ነበር። ልጄም አፍንጫ ላይ ብቻ በሚያርፍ፣ ብረት በሌለው ልጓም አለማመደቻት። በመሰናክል ዝላይ ውድድሩ ቀን ግን ዳኛዋ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ልጓሙን አይተው፣ "ደንቡ አይፈቅድም፤ ብረት ካላደረግሽላት አትወዳደሪም" አሏት።

"እሷን እያመማት ባሸንፍ ምን ይጠቅመኛል?" አለችና ከሰልፉ ወጣች። እኔ ተናድጄ ልነሳ ስል፣ "ተው አባዬ፣ እኔ ላናግራቸው" ብላ ሄደች። ውድድሩ ሲያልቅ ያለ ነጥብ፣ ውጤት ሳይያዝላት፣ እንድትዘል ፈቀዱላት።

ባዝራዋ መሰናክሎቹን ሁሉ በእርጋታ አለፈቻቸው። ዳኛዋ መጥተው አንገቷን እያሻሹ፣ "ደንቡ እንዲቀየር ለውድድሩ ኮሚቴ እኔው እነግራለሁ" አሉ። ደንቡ እስካሁን አልተቀየረም። ልጄም ዛሬ ድረስ ያለ ነጥብ ትዘላለች፤ ኪሱጉ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ግን አኩርፋ አይቻት አላውቅም።