በገዛ እጄ የሰረዝኩት ስም

ልጅ ሳለሁ በአባቴ አፍር ነበር። ይህን የምናገረው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ንስሐ ከገባሁማ ስንት ዓመቴ። እውነቱ ስለሆነ ነው። ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን የካቶሊኩ ቄስ በወር አንዴ በሞተር ብስክሌት እየመጡ ይቀድሱልን ነበር። የመቁረቢያው ሰዓት ሲደርስ እነ እናቴ ይነሳሉ፤ አባቴ ግን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀራል። እኔ ከእናቴ ኋላ ተሰልፌ ቆርቤ ስመለስ ዓይኑን ላለማየት የጣሪያውን ማገር እቆጥር ነበር። ስንት እንደሆነ ዛሬም አውቀዋለሁ።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ታላቅ ወንድሙ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ። መርዶው ሲመጣ ሚስቱ ማርታ ከሦስት ልጆች ጋር ባዶ ቤት ታቅፋ ቀረች። በእኛ አገር ወግ የሟች ወንድም ሚስቲቱን ይወርሳል። ካልወረሳት እሷ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች፣ ልጆቹ ግን የአባታቸው ወገን ናቸውና ይቀራሉ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳዩን አባቴ ላይ ጣሉት። እሱም ቀኑን ሙሉ እንሰቱ መሃል ብቻውን ሲዞር ውሎ ገባና፣ ልጆቹን ከእናታቸው አልነጥልም ብሎ ማርታን ወረሳት። እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፋ አላነጋገረችውም። በኋላ ግን እሷና ማርታ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንሰት እየፋቁ አባቴን ሲያሙት እሰማ ነበር፤ እሱን በማማት ነው የታረቁት። ቤተክርስቲያን ግን ሁለት ሚስት ያው ሁለት ሚስት ነው አለች፤ ከቁርባን ታገደ።

እውነቱን ለመናገር በሌላውም ቢሆን አባቴ ምርጥ ምእመን አልነበረም። ዝናብ ሲዘገይ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ትልቁ ዛፍ ሥር ዝናብ ሲለምን ይውላል። ሥጋ ከቀረበለት ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ትዝ የሚለው በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው። ሳይጠመቅ የሞተ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ያልተጠመቀ ሕፃን መንግሥተ ሰማያት አይገባም ሲባል አባቴ፣ ያ ጨቅላ ምን በደለና ነው፣ እሱን እንኳ አላምንም ብሎ እቅጩን ለቄሱ ነግሯቸዋል። ግን ደግሞ የማርያምን ሰላምታ ሳይደግም በሬ አይጠምድም። መቁጠሪያውን ከአንገቱ አያወልቅም። ጸሎት ቤታችን ሲሠራም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሩ ያቦካው እሱ ነው። እናቴ ያን ሰሞን የጭዱ ሽታ ከአልጋችን አልወጣም እያለች ስታማርር ትዝ ይለኛል።

ቄሱ በሌሉበት እሑድ ጸሎት የሚመሩትና እኛን ልጆች የሚያስተምሩት የመንደሩ ካቴኪስት መምህር ሉቃስ ነበሩ። ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ውሸት የማያውቁ ሰው። የማያውቁ ስል ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ገበያ ያወጧት ላም እንደምትራገጥ ገዢው ሳይጠይቃቸው ቀድመው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በዚህ የተነሳ ሚስታቸው ከብት ይዘው ጃጁራ እንዳይሄዱ ከልክላቸዋለች። ትምህርት ላይ ጥያቄና መልሱን በዜማ ያስጠኑናል፤ አንድ ሚስት ለአንድ ባል የሚለው ጋ ስንደርስ ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን ያያሉ። ያን ቀን እቤት ስገባ ለአባቴ ውሃ እንኳ ፊቴን ሳላጠቁር አላቀርብለትም ነበር። የልጅ ጭካኔ አይጣል ነው!

ዘመኑ የደርግ ነው። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ባለፈው ዓመት ተዘግቶ የገበሬ ማኅበሩ መሰብሰቢያ ሆኗል። አንድ ቀን ደግሞ ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ዓይኑን የእኛ ጸሎት ቤት ቆርቆሮ ላይ ጣለ። ማዳበሪያ ሊመጣ ነው፣ ማስቀመጫ የለም፣ ይሄ ቤት ደግሞ ቄስ የሚያየው በወር አንድ ቀን ነው አለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፈራ ተባ እያለ፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች እንኳ አሉ አለው። እንግዲያው የካቶሊክ አባወራዎች ስም ተጽፎ ይቅረብ ተባለ፤ በቂ ሰው ካለ ቤቱ ይቆያል፣ ከሌለ መጋዘን ይሆናል። ስሙን ጽፈው እንዲያቀርቡ የታዘዙት መምህር ሉቃስ ናቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። መምህር ሉቃስ ግን ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩና፣ በእውነት ካቶሊክ የሚባለው ማን እንደሆነ እየመዘኑ ጻፉ። ሁለት ሚስት ያለው ወጣ። አረቄ የምታወጣዋ፣ ሰው ታሰክራለች ተብሎ ወጣች። ጠዋት ከጴንጤዎቹ ጋር በየጓዳው ተደብቆ ዘምሮ፣ ከሰዓት እኛ ጋ መጥቶ መቁጠሪያ የሚደግመው ወጣ። ለገና ብቻ ብቅ የሚለው ጉራጌው ባለሱቅም ወጣ። የቀሩት ሰባት አባወራ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ሰውየው ቤቱን አጠራለሁ ብለው ቤቱን ሊያስወስዱ!

ይህን ያወቅኩት እጅ ጽሑፌ ያምር ስለነበር ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህር ሉቃስ የእሳቸው ጽሑፍ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጥ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብዬ ምላሴን አውጥቼ ስጽፍ፣ ሰባተኛው ላይ አለቀ። የእሳቸውን ወረቀት ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያፈርኩበት የአባቴ ስም የለበትም። ግድግዳውን ያቦካው ሰው እንዴት ይቀራል? መምህር ሉቃስ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ስምንት ቁጥር ጻፍኩና ከጎኑ የአባቴን ስም አሰፈርኩ። ኤርሲዶ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩት ነገር የለም።

ተመልሰው አዩት። አልጮሁም፣ አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ማስመሪያ አቀበሉኝና በቀስታ፣ አባትሽን እወደዋለሁ፣ ውሸት ግን የእግዚአብሔርን ቤት አያቆምም፣ ሰርዢው አሉኝ። ሰረዝኩት። በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ፣ በገዛ እጄ። ወረቀት እንደ ልብ አይገኝምና ሌላ አልተጻፈም፤ ከነስርዙ ለማኅበሩ ገባ።

እቤት ገብቼ እናቴና ማርታ ምን ሆነሽ ነው ቢሉኝ አፌን ዘጋሁ። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ግን አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፣ መሰረዜንም ጭምር። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። ሉቃስ ዛሬም ላሟ ትራገጣለች እያለ ነው አለ። ቀጥሎ ግን በሰባት ስም ቤቱ እንደሚወሰድ ገባውና ፊቱ ጠቆረ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብሎ ብድግ አለ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን በሬ ሳይጠምድ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። የት የት እንደገባ የነገረችኝ ማርታ ናት፤ ከዝርዝሩ የወጡትን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር።

ስብሰባው ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት ተጠራ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር ካሰማን በኋላ ካድሬው ዝርዝሩን አነበበ። ሰባት። ወረቀቱን አጠፍ አደረገና ለሰባት አባወራ ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ግፍ ነው አለ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ።

«እኔም ካቶሊክ ነኝ» አለ።

ካድሬው ስሙን ጠየቀው። ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያይ የተሰረዘውን አገኘ፣ ስምህማ ተሰርዟል ብሎ ሳቀበት። እኔ ከሴቶቹ መሃል ሆኜ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ። ሁለት ሚስት አለህ ወይ አለው። አለኝ አለ አባቴ። ትቆርባለህ? አልቆርብም። ቄሶቹ የሚሉትን ሁሉስ ታምናለህ?

«የማምነው አለ፣ የማላምነው አለ» አለ አባቴ። «ቤቱ ግን ቤቴ ነው። ቄሱ ቁርባን ከለከሉኝ እንጂ ከቤቴ አላስወጡኝም። አንተ ነህ የምታስወጣኝ?»

አረቄ አውጪዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ባለሱቁ ተነሳ። ጠዋት ዘማሪ ከሰዓት መቁጠሪያ ደጋሚው ተነሳ። እየቆዩ ሌሎቹም ተነሱ፤ ስማቸውን እየጠሩ እኔም፣ እኔም ይሉ ነበር። ካድሬው ደሙ ፈላና ወደ መምህር ሉቃስ ዞረ። ዝርዝሩን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ካቶሊክ ናቸው ካልክ ያኔ ዋሽተሃል፣ አይደሉም ካልክ ቤቱ መጋዘን ይሆናል፤ ምረጥ አላቸው። እኚህን ላም እንኳ መሸጥ የማይችሉ ሰውዬ! መምህር ሉቃስ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ። ወደ አባቴ ዞሩ።

«ኃጢአተኛ ነው» አሉ። «ግን የእኛ ኃጢአተኛ ነው። እኔ የሚቆርቡትን ጻፍኩ፤ የተጠየቅኩት ካቶሊኮቹን ነበር። ስህተቱ የኔ ነው።»

ወረቀቱን ከካድሬው እጅ ተቀብለው ተንበረከኩና፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጽሑፋቸው የቆሙትን ሁሉ ጻፉ። ከስርዙ ሥር መጀመሪያ የጻፉት አባቴን ነው።

ቤቱ ተረፈ ወይ? በግማሽ። ካድሬው ባዶ እጁን መሄድ አልወደደም፤ የኋላውን ግማሽ ለማዳበሪያ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ የምናስቀድሰው በማዳበሪያ ሽታ ነበር። አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ እንግዳ ቄስ ሲመጣ ሕዝቡ በስብከቱ የተነካ ይመስላቸዋል። ዛሬም ዩሪያ ሲሸተኝ አሜን ልል ይቃጣኛል። የበሩ አግዳሚ በጆንያ ስለተያዘ አባቴ ወደ ፊት መጥቶ ከመምህር ሉቃስ ጎን ለመቀመጥ ተገደደ። ደርግ ለአባቴ የዋለለት ውለታ ይኸው ብቻ ነው። አሁንም አልቆረበም። እኔ ግን ቆርቤ ስመለስ ዓይን ዓይኑን ማየት ጀመርኩ፤ እሱም ይጠቅሰኝ ነበር።

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ቤተ እምነት በየመንገዱ ነው፤ ማይክራፎኑ እርስ በርሱ ይሻማል። ስንት ናችሁ ብሎ ቆጥሮ ቆርቆሮ የሚነቅል ካድሬ የለም፣ ተመስገን። ቆጠራውን ግን እኛው ለራሳችን ይዘነዋል። በቀደም መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ስጠጣ፣ ያስተማርኩት አንድ ጎረምሳ መጥቶ፣ ቲቸር እርስዎ እኮ የስም ካቶሊክ ነዎት አለኝ። ልጁ አልዋሸም፤ ከመጀመሪያ ባሌ ተፋትቼ በማዘጋጃ ቤት ያገባሁ ሴት ነኝ። አልቆርብም። የማላምናቸው ነገሮችም ቢቆጠሩ ከአባቴ ይበልጣሉ። ግን እሑድ በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ። ሳዝን እዚያ አለቅሳለሁ፣ ስናደድም የምናደደው እዚያው ነው። ሰው በእንግድነት በገባበት ቤት አፉን ሞልቶ አይቆጣም፤ የሚጣላው በገዛ ቤቱ ነው። ይህን ብነግረው ልጁ ሳቀ፤ ሻዬን ከፍሎልኝ ሄደ፣ እግዜር ይስጠው።

አባቴ የሞተው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። አልጋ ላይ ሲውል አንድ ወጣት ቄስ ሊጠይቁት መጡ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፋት የለባቸውም። ቁርባኑን በደረታቸው ይዘው ነው የመጡት። ማርታን በመውሰዴ ተጸጽቻለሁ በሉ፣ አሁኑኑ አቆርብዎታለሁ አሉት። ያን ሁሉ ዓመት ከሩቅ ሲያየው የኖረው ነገር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ማርታ እግሩን እያሸችለት ነበርና ሰምታ፣ እጇን ጠርጋ ልትወጣ ተነሳች። ቀሚሷን ይዛ መልሳ ያስቀመጠቻት እናቴ ናት። አባቴ እኛው ፊት ኃጢአቱን አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ የዓርቡን ሥጋ፣ ዛፉን፣ ሰው ላይ የተናገረውን ክፉ ቃል ሁሉ። ማርታ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«በሷ አልጸጸትም» አለ። «ለወንድሜ ልጆች እናታቸውን ነው ያስቀረሁት። እግዚአብሔር ይህን ከጠየቀኝ እኔው እመልስለታለሁ።»

ወጣቱ ቄስ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግንባሩ ላይ መስቀል አማትበው ባረኩትና ቁርባኑን ይዘው ወጡ። አባቴ ትክ ብሎ በሩን አየ፤ ከዚያ የማርያምን ሰላምታ እንድንደግምለት ጠየቀ። በአንድ ወገን እናቴ፣ በሌላው ማርታ ሆነው ደገሙለት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሳይቆርብ ሞተ። ካቶሊክ አልነበረም የሚል ሰው ካለ እኔ እዚሁ ሆሳዕና አለሁ፤ መጥቶ ፊቴ ላይ ይበለው።