በሰላይነት የተሰረዘችው እህቴ

ታላቅ እህቴን ከሰፈሩ እድር ሲያስወጧት ከተስማሙት አንዱ እኔ ነኝ። ያኔ መፈረም አልችልም፤ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምኩ። መሃይም ስለነበርኩ ተታለልኩ አልልም። ጸሐፊው ጮክ ብሎ አንብቦታል፦ «ለወታደሩ መንግሥት ሰላይ ስለነበረች ተሰርዛለች።» ሰምቼ ነው ያተምኩት።

ያ መንግሥት የወደቀ ሰሞን ነው። እሷ እዚሁ አዳማ ካምፑ በር ላይ የወታደር ልብስ ታጥብ ነበር። መኮንኖቹ ይቀልዱባታል፣ እሷም ትስቃለች። ለሰፈሩ ይሄ በቂው ነበር። ለእኔም።

ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን የሚተክል ጠፍቶ ሬሳውን አራት ሆነን በጋሪ ወሰድነው።

አምና ታመመችና አስጠራችኝ። «ሰው ሳይሸኘኝ ልቀበር ነው። አንተ አሁን ፊደል ቆጥረሃል፤ እድሩን ጠይቅልኝ» አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ጦሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ወታደሮቹ ልብሳቸውን ሳይደርቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ይወስዱባታል። ያን ጊዜ ከመቂ ሽንኩርት ለሚያመጣው ሹፌር ሹክ ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ለታጋዮቹ ያደርሳል።

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም እትዬ?»

«ማን ይመስክርልኝ? ሹፌሩ የገባበት አይታወቅም ነበር። አንተስ ጠየቅኸኝ?»

ጠያይቄ ሹፌሩን መቂ አገኘሁት። አርጅቶ ቲማቲም ማሳው ዳር ተቀምጧል። «በዚህ ዘመን ይሄን ማንሳት ደግ ነው ትላለህ?» ብሎ ፈራ። ብቻ ሁሉንም ጽፎ ፈረመልኝ።

እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ደብዳቤውን ራሴ አነበብኩት። ማንበብ የቻልኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነውና አንዳንዱ ቃል ላይ እየተደናቀፍኩ ነው። ስጨርስ ሁሉም አቀረቀረ። አፍረዋል ብዬ ደስ አለኝ፣ ሞኙ።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። መነጽሩን አወለቀና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ሰላይ ነበረች ማለት አይደል?» አለኝ።

«ለወታደሩ መንግሥት አልነበረም እኮ ነው የምልህ!»

«ለማንም ይሁን። የተሰረዘችው በሰላይነት ነው። እርስዎ ደግሞ በጽሑፍ አረጋገጡልን።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «ታጋዮቹን የጎተተችብን እሷ ናታ!» አለች። ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ልጄ የዘመተው ከዚያ ካምፕ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንደወጣ ቀረ።»

ለሳቁት ስድብ ነበረኝ። እሳቸውን ሳይ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የሆነውን ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት። ስለ ሽማግሌውም አልደበቅኳትም። «በል አካፋ ግዛ፤ አንተው ትቆፍራለህ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔም ከእድሩ ልውጣ ብዬ ነበር። ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ራሴም ሟች ነኝ። አልወጣሁም። ባለፈው እሁድ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ብያለሁ።