በክር የታሰረው መኳያ

ባሕሪ በተባለችው የስደት ከተማ፣ ሰብስቤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በረኪና በረኪና የምትሸት የሰው ቤት ሠራተኛ ገባች። የጎረቤቱ መካኒክ፣ «የዚያን ታክሲ የበር ፕላስቲክ ሳትሰነጥቂ ካሰርሽ፣ ኢንሻላህ ቅዳሜ እኔ ጋ ሥራ ትጀምሪያለሽ» ብሏታል።

ሰብስቤ ፕላስቲክን ከቆርቆሮ የሚያያይዘውን ምስማር መሳይ የብረት ሪቬት ዘረገፈላት። «ጠንካራውን ውሰጂ፣ እህቴ!»

«ጠንካራውማ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ለስላሳውን አሉሚኒየም፣ ቆቡ ሰፋ ያለውን ስጠኝ።»

ከዚያ ከቦርሳዋ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? የኩል መኳያ! የበሩን ፕላስቲክና ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮ ውፍረት በመኳያው ለክታ፣ ልኩ ላይ ክር አስራበታለች። ሪቬቶቹን ከክሩ ጋር እያስተያየች መረጠች።

«ልትኳይበት ነው ወይስ መኪና ልትሠሪበት?» አላት ሰብስቤ።

«ሁለቱንም፣ ወንድሜ!»

ወጥታ በመካኒኩ መሣሪያ ሪቬቶቹን የታክሲው በር ላይ አንድ በአንድ አሰረች፤ ጧ! ጧ! አንዲት ስንጥቅ የለም። መካኒኩ «ያላ፣ በይ ቅዳሜ ነይ!» ሲላት ሰብስቤ ከእሷ በላይ ጨፈረ። እሷ ክሩን ፈታች፤ መኳያውን ጠራርጋ ኩሏ ውስጥ ነከረችና በታክሲው መስታወት ዓይኗን ተኳለች።