ጅቡ ከሄደ በኋላ
ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያቴ የሥጋ ደዌ መድኃኒታቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ ፊታቸው አበጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «መድኃኒቱ ነው፤ ይጣሉት!» አላቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን «ጀርሙማ ሞቷል፤ ሰውነትዎ ዘግይቶ ነቅቶ የሞተውን እየተዋጋ ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም ሳቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኛ፣ ልጄ!» የእብጠቱን ማስታገሻ ጨመረችላቸው፤ ዋናውንም ሳያቋርጡ ጨርሰው ዳኑ።

ከዚያ ወዲያ ፍላቂት ገበያ በወጡ ቁጥር ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጡና፣ አብጦ የደነገጠ ታማሚ ካገኙ ይህችኑ ይነግሩት ነበር።

ሰሞኑን እዚያ ብሄድ ቦታቸውን ባዶ አየሁት። ፊቷ ያበጠ ሴት መጥታ ተቀመጠችበት። «ይህን የሥጋ ደዌ መድኃኒት ልጥለው ነው» አለች። አፌን ስከፍት አንድ የማላውቀው ታካሚ ቀደመኝ፦ «ተይ እቴ፣ ጅቡማ ሄዷል፤ የሚጮኸው ውሻው ነው።»