እሳት በሩን የነከሰው መቀነት

ልጄ እሳት በሚነድበት በር ገብቶ ሊሠራ ነው ሲሉኝ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ዶሮ ከቆጥ ዘላ ከወረደች ልጄ ምን ሆነብኝ የምል ሴት ነኝ። አራቱን ልጆቼን ንዳድ ወስዶብኝ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ ተደላድሎ አያውቅም።

በጣሊያን ጊዜ ነው። መተማ ላይ ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፖምፓ ነበረ። ፖምፓውን የሚያንቀሳቅሰው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ የሚፈላበትን ትልቅ የብረት ሆድ እኛ ሴቶች ጋኑ እንለው ነበር። ልጄ ለጋኑ እንጨት ይማግዳል። ሚስት ልናጭለት የደረሰ፣ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥ ያለ ጎልማሳ ነው። ታዲያ ጋኑ ማንጠብጠብ ጀመረ። በሆዱ ውስጥ የተደረደሩት ቱቦዎች ጫፋቸው ከግድግዳው ጋር የሚጋጠምበት ላልቷል አሉ። ፖምፓው ቆመ፤ እኛም እንስራችንን አዝለን የወንዙን አሸዋ ወደ መጫር ተመለስን።

ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ አንድ ሱዳኒ የብረት ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ ኡስታ ይሉታል። አማርኛው እንደ እኔ ዓረብኛ ነው፤ ግማሹን በእጁ ያወራል። ሄጄ ልጄን ምን ልታደርግብኝ ነው አልሁት። ሰውዬው አልተቆጣኝም። ጫፉ የሾለ፣ በጎኑ ሦስት ትንንሽ የሚሽከረከሩ ብረቶች ያሉት መሣሪያ አወጣ። ሰሊጥ ዘይት ቀብቶ ከቁራጭ ቱቦ አፍ ከተተና አዞረው። ሾጣጣው በገባ ቁጥር ትንንሾቹ ብረቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ቱቦውም ከውስጥ እየሰፋ ይሄዳል።

«ቱቦ ይወፍራል፣ ቀዳዳውን ይነክሳል። ከነከሰ አይወጣም» አለኝ፣ ጥርሱን ገጥሞ እያሳየኝ።

እሳቱ ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ የሚያስፈራ ነገር የለም አለ። እሳት በሩ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ሰው ያስፈልጋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ልጅሽ ነው። ከሸሚዝና ከሱሪ በቀር ምንም እንዳይለብስ፣ ምንም እንዳይታጠቅ፤ ይህን ያፈረሰ ከሥራው ይባረራል። እሺ አልሁ። በአፌ ነው እሺ ያልሁት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አሥራ ሁለት ክንድ መቀነቴን ፈትቼ በሸሚዙ ሥር ጠመጠምሁበት። እሱን ያረገዝሁት በዚያ መቀነት ነው። ልጄ ኡስታው ያባርረኛል ብሎ ተከራከረኝ።

«ኡስታው አላረገዘህም» አልሁት።

ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ሳቁን ግን ሰምቻለሁ።

ረፋዱን ጋኑ አጠገብ ተቀምጬ ዋልሁ። ከውስጥ ብረቱ ይንቋቋል፤ ድምፁ ቆም ባለ ቁጥር እጠራዋለሁ፤ «አለሁ እማዬ» ይለኛል። ዘይቱን ያመጣችው ጎረቤቴ፣ ሰሊጥ አስጨምቃ የምትሸጠው፣ አንቺ ስትጠሪው እኮ ነው ሥራው የሚቆመው ብላ ተቆጣችኝ።

ቀትር ላይ ጨረስሁ አለ። ራሱ ወጣ፣ እጆቹ ወጡ፣ ደረቱ ወጣ፤ ከዚያ ወገቡ ላይ ቀጥ። ኡስታው ሳበው፣ ሌሎቹ ሠራተኞችም ሳቡት። በዘይት አጠቡት። በገባበት በር እንዴት አይወጣም ይላሉ። ጎረቤቴ ማሰሮዋን አዘንብላ አየችና፣ ይህ ልጅ ከሰሊጥ ማሳ በላይ ዘይት ጠጣ አለች። ፀሐዩ ብረቱን ማጋል ጀምሯል። ልጄ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተከለ፤ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልተናገረብኝም። ብናገር ሥራውን ያጣል፤ ዝም ብል ደግሞ ያው ብረት ውስጥ ይቀራል።

«መቀነቴን ታጥቋል» አልሁ። «እኔ ነኝ ያስታጠቅሁት።»

ኡስታው የልጄን ክንድ ለቀቀ። የሸሚዙን ጫፍ ገልጦ አየ። ደረቅ ሆኖ የገባው መቀነት ላብ ጠጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ጎማ አብጧል።

«ያ ኡሚ፣ እናቴ» አለኝ፤ «የኔን ሥራ ሠርተሻል። ልጅ ወፈረ፣ በሩን ነከሰ።»

ልጄን መልሰው ወደ ውስጥ ገፉት። እዚያው ፈታና ጫፉን በበሩ አቀበለኝ። ሳብሁ። አሁንም ሳብሁ። አያልቅም። ጥላሸት የጠጣ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ጥቁር ነገር ከጋኑ ሆድ ይመዘዛል።

«አንቺ፣ ይኸ መቀነት ነው ወይስ የጋኑ አንጀት?» አለች ጎረቤቴ።

ኡስታው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። የሳቀ ሰው ሲያባርር አላየሁም። ልጄም በጣት እንደተጨመቀ የሎሚ ፍሬ ሸርተት ብሎ ወጣ።

በሳልስቱ ጋኑን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው፣ በእጅ በሚገፋ ትንሽ ፖምፓ ውሃውን እያስጨነቁ ፈተኑት። ከላላ ያፈሳል፣ ከጠበቀ አያፈስም ማለት ነው። እኔ ይፈነዳል ብዬ ከግራሩ ጀርባ ነኝ። አንድም ጠብታ የለም ሲሉ ወጣሁ፤ ኋላ ግን ኡስታው ፋኖስ አስገብቶ አየና አንዷ ቱቦ ጫፏ ላይ ላብ ታወጣለች አለ። ስለዚህ ልጄ እንደገና ሊገባ ነው።

ልጄ ሳይጠሩት ሸሚዙን ገልቦ ባዶ ሆዱን ለኡስታው አሳየ፤ ዞሮ ለሰዉ ሁሉ አሳየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሦስት ጊዜ ያጠብሁት፣ ጥላሸቱ ግን አልለቅ ያለው መቀነት እጄ ላይ ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬ አንቺው ታጠቂልኝ» አለኝ።

እስኪያልቅ ዞሬ አጥብቄ ታጠቅሁና እሳት በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። የዚያን ዕለት አንዴ ብቻ ነው የጠራሁት። አለሁ አለኝ።