የሸክላው ተረኛ

የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከልምምድ ስመለስ፣ ሳክስፎኔን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልሁ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሣጥኑን አስከፈቱኝና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለማን ነው የምትነፋው?» አለኝ አንደኛው።

«ለሚሰማኝ» አልሁት። ጨዋታ የሚወድ ሰው መስሎኝ። በጥፊ አጮለኝ።

ያስገቡን ሐይቁ ዳር ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ቀን ቆርቆሮው ያነደናል፣ ንጋት ላይ ከጣና የሚነሣው እርጥበት በላያችን ይንጠባጠባል። ትንኙ ለጉድ ነው። እግር የሚዘረጋው በተራ ነው፤ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይሰበስባል። በግድግዳው ስንጥቅ ደንገል የጫነ ታንኳ ሲያልፍ ይታያል ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ሄጄ አይቼ አላውቅም። ውጭውን ባየሁ ቁጥር ማልቀስ ይመጣብኛል፣ በሰው ፊት ማልቀስ ደግሞ ያኔ አፍር ነበር።

ወንጀሌን ልናገር። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የምንጫወት ልጆች ነበርን፣ ዘፋኙን ጨምሮ ስድስት። አዲስ አበባ ወርደን አንድ ትልቅ ሸክላ አስቀረጽን። ሸክላው የወጣው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ተሻምተን ሽፋኑን ብናየው የዘፋኙ ፎቶና የዘፋኙ ስም ብቻ ነው ያለበት። የእኛ ስም የለም። በንዴት ጨስን። ያን ጊዜ ቤዝ ጊታር መቺያችን፣ የቄስ ልጅ ነው፣ ከደሴቶቹ ካንደኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያደገ፣ «እነሱ ካልጻፉን እኛው እንዘክረዋለን» አለ። በቀልድ የተጀመረ ነገር ነው፤ ቀልዱ ግን ሥር ሰደደ።

እንደ ጽዋ ማኅበር አደረግነው። በየዓመቱ ሸክላው በወጣበት ቀን ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ ከበሮ መቺያችን እስላም ስለሆነ ለእሱ ብርዝ ይቀርብለታል። ከዚያ በሩ ይዘጋና ሸክላው ከአንደኛው ገጽ መጀመሪያ እስከ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ይሰማል። መርፌው እስኪነሣ የሚተነፍስ የለም። ሲያበቃ ዕጣ እንጥላለን፤ የወጣለት ሸክላውን በነጠላ ጠቅልሎ ይወስድና እስከ ዓመቱ ያስቀምጣል። ቄሶቹ ቢሰሙ ያወግዙን ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ዘከርን። ከሦስተኛው በኋላ ዘፋኙ በመተማ በኩል ሱዳን ገባና በሬዲዮ መንግሥትን ሰደበ። አንድ ጎረቤት ደግሞ ለቀበሌው «በየዓመቱ በአንድ ቀን ይሰበሰባሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ዕጣ ይጣጣላሉ፣ አንደኛው የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይወጣል» ብሎ ተናገረ። ወይ ጉድ! እንዲህ ተብሎ ቢነገረኝ እኔም እጠረጥር ነበር።

«የድርጅታችሁ የምሥረታ በዓል ነው» አለኝ መርማሪው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ሸክላው የወጣበት ቀን ነው ጌታዬ።»

«እኔ የራሴን ልደት እንኳ አክብሬ አላውቅም። ለሸክላ ልደት የሚደግስ ሰው አለ ብለህ ልታሞኘኝ ነው?»

ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ተረኛው ማን ነው? የተጠቀለለው ነገር ማን ቤት ነው? ተረኛው ከበሮ መቺው ነበር። ሚስቱ አራስ ናት። ሸክላው ቤቱ፣ ከአልጋው ሥር ነበር።

ሁለት ቀን ቻልሁ። በሦስተኛው ቀን ወፌ ላላ ሰቀሉኝና ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ የቤዝ መቺውን ስም ሰጠሁ። «ተረኛው እሱ ነው፣ ዕቃው እሱ ዘንድ ነው» አልሁ። ይህን ያደረግሁት አስቤበት ነው። ከወር በፊት እህቱ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ወንድሜ ሱዳን ገባልህ» ብላኝ ነበር። ያመለጠን ሰው ማን ይነካዋል? አንዱ ሄዷል፣ ሌላውም ተረፈ፤ በልቤ ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር። መርማሪው ጻፈ። ሲጋራ አቀበለኝ። ተቀብዬ አጨስሁት፣ ጣፈጠኝም። ይህን አልደብቅም።

በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ገፍትረው አስገቡ። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለነበረች ፊቱ አልታየኝም። ድምፁን ነው የሰማሁት።

«አንተም እዚህ ነህ? ተመስገን!» አለ። ተመስገን አለ! ሰው ላይ ተረማምዶ መጣና አቀፈኝ። ቤዝ መቺው ነው። ከስቶ ዓይኖቹ ቢጫ ሆነዋል።

«ሱዳን አልገባህም?» አልሁት።

«የምን ሱዳን! አንበሳሜ ከተማ አክስቴ ዘንድ ወባ ጥሎኝ ተኝቼ ነው እንጂ። እንዳይፈልጉኝ ብላ ሱዳን ገባ እያለች ያስወራችው እህቴ ናት። ደግ አሰበች። አሁን ግን አንዱ ስሜን ጠራ መሰለኝ ቤቴን በረበሩ፣ ሲያጡኝ እሷን ያዟት። እሷ ታስራ እኔ ልተኛ? በእግሬ መጣሁ። እጄን ስሰጥ ለቀቋት።»

ጎኔ ተቀመጠ። «ማን ይሆን?» አለ።

«እኔ እንጃ» አልሁት።

አብረውን ያሉት ሰዎች ከምርመራ ተሸክመው ሲያመጡኝ አይተዋል፣ ያን ቀን ሲጋራ ሲጋራ እንደሸተትሁም ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድሁ። ግን መሬት ለማንም አትከፈትም።

ቀትር ላይ የቀን ዳቧችን ታደለ። ቤዝ መቺው ዳቦውን በእጁ ይዞ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለ።

መሪጌታው «ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር» አሉት።

ዘወር ብሎ እያየኝ ሳቀ። «ሰማህ? ሸክላችን ዛሬ አራት ዓመቱ ነው! መርማሪው ተረኛው አንተ ነህ እያለ ሲያፋጥጠኝ ነበር። እንግዲያው ተረኛ ካደረጉኝ ልደግስ።»

ተነሣ። ባለቤት እንግዳውን እንደሚያስተናግድ ዳቦዋን ቆረሰ። ለመሪጌታው ሰጠ፣ በግራ በቀኝ ላሉትም ሰጠ፤ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ አደረገው። ለራሱ የቀረችው ጉርሻ አትሞላም። «ብላ እንጂ» አለኝ። በላሁ። አልወርድ ብሎኝ በውኃ ገፋሁት።

ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ በጣቶቹ መምታት ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ነው፣ ቤዙ ብቻውን የሚሄድበት። በጉሮሮው ዝቅ አድርጎ ያጅበዋል። መግቢያው አለቀና የእኔ ተራ ደረሰ፤ ሳክስፎኑ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

«ግባ» አለኝ።

አልገባሁም። መለሰና ከመጀመሪያው መታው።

«ግባ እንጂ! ምን ሆነሃል? ከንፈርህን ነው የመቱህ?»

«አዎ» አልሁት። ከንፈሬን ማንም አልነካውም።

«አይዞህ፣ ይድናል» አለና የእኔንም የራሱንም ድምፅ ብቻውን ይዞ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ወሰደው። እንደዚያን ቀን አድርጎ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። በቃ፣ ሲጨርስ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እውነቴን ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ በሩ ተከፈተ፣ ስሙንም ከነአባቱ ጠሩት።

አልተቻኮለም። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ፣ ሆቴሉ መድረክ ላይ ስንወጣ እንደሚያደርገው። «መጣሁ» አለኝ።

አልመጣም። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ከበሮ መቺው ዜናውን ሲሰማ ሸክላውን አቃጥሎ ቤተሰቡን ይዞ ወረታ ገባ። ልጆቹን አሳድጎ በሰላም ሞተ። እኔ አምስት ዓመት ቆይቼ ወጣሁ። ሳክስፎኔን አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አምና አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሸክላው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ እንደገና ሊያትሙት ነው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ከባንዱ ጋር ይውሉ ነበር ብለውኝ ነው። አሁን የተጫዋቾቹን ስም ሽፋኑ ላይ ማስፈር እንፈልጋለን። ቤዙን የመታው ማን ነው? ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ እሱ ነው።»

ያንን ስም ለሚጽፍ ሰው አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ። «ቆየኝ፣ ፈቃድ ልጠይቅ» አልሁት።

እህቱ ግሽ አባይ ነው ያሉት። በር ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስም የሰጠሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ሲጋራውን፣ ዳቦውን፣ «ግባ» ሲለኝ አለመግባቴን። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፣ ይረግሙኛል ብዬም ነበር።

«ሱዳን ገባ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ባልዋሽ ኖሮ አትጠራውም ነበር። ይህን ውሸቴን ሳመነዥክ ኖርሁ፤ አንተስ ብትነግረኝ ምን ነበር?»

ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፉት» አሉኝ። «ያንተን ግን ከጎኑ እንዳላይ።»

«እሺ እትዬ» አልሁ።

ከአምስታችን የእኔን ትቼ የአራቱን ስም ለልጁ ሰጠሁት። ሸክላው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ወጣ፤ አንዱን ለእህቱ ወሰድሁላቸው፣ ተቀብለው ገቡ። ልጁ በማግሥቱ ደወለ፣ ደንግጧል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ስህተት ሠርተናል። ሳክስፎን የሚለው ቦታ ባዶ ቀርቷል። ማን ነበር የነፋው?»

«አላውቀውም» አልሁት።

ይህን ቃል ማለት የነበረብኝ ያኔ፣ መርማሪው ፊት ነው።