ለሁሉም የሚሆነው ሞተር

አጎቴን ሰፈሩ «ልኩ አለኝ» ይለዋል። ሰው የተቃጠለ ሞተር በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ፣ ጨርቁ ሳይገለጥ «ልኩ አለኝ!» ማለት ልማዱ ነው። ልኩ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። እሱ ግን ለመጣ ሁሉ ይስማማል፤ ሞቀ ላለው «ሞቀ»፣ በረደ ላለው «አጥንት ይሰብራል» ይላል። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ላይ ቆመው ሲሰሙት እንኳ አያፍርም።

ሥራው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሞተር መጠምጠም ነበር፤ የነደደውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ ማስገባት። በዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ እጁ አይታማም። ነገር ግን አንድ ቀን ምኞት ጀመረው። የሕንፃ ማሞቂያ ሁሉ ሞተሩ ለየቅል ነው። የአንዱ መዞሪያ ዘንግ ረጅም፣ የሌላው አጭር፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። አንዱ ሲቃጠል አምሳያው እስኪገኝ ሰው በብርድ ይንዘፈዘፋል። ታዲያ አጎቴ በሁሉም ቦታ የሚተካ አንድ ሞተር ልሥራ አለ። ዘንጉን በሁለቱም በኩል አስረዘመው፤ የተረፈው ይቆረጣል። ወገቡ ላይ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ቀበቶ አደረገለት። ለየፍጥነቱ በቀለም የተለየ ሽቦ አወጣ። የዙሩን አቅጣጫ ለመለወጥ ደግሞ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ማገናኛ ነቅሎ ገልብጦ መሰካት ብቻ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ባለቤቱ ነው።

ይህ ሁሉ የተሠራው በእናቴ ሳሎን ውስጥ ነው። እናቴ ታላቅ እህቱ ናት፤ «ለጊዜው ነው እትዬ» ብሏት ገባ። ጊዜው አላልቅ አለ። ሶፋው ላይ ሞተር፣ መስኮቱ ሥር ሞተር፣ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ የሽቦ ጥቅልል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ማድቤት በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔም መጽሐፌን ይዤ እዚያው ከድስቱ አጠገብ ነኝ። ስትቆጣው፣

«የሰፈሩ ትልቁ ሕንፃ ሞተሬን የተቀበለ ዕለት ሱቅ እከራያለሁ፤ ሳሎንሽን ወልውዬ አስረክብሻለሁ» ይላታል።

በመጨረሻ ትልቁ ሕንፃ ለሙከራ ጠራው። እናቴ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ ደህና ልብሷን ለብሳ ተከተለች። እኔ ሸክሙን ያዝኩ።

የስብሰባ አዳራሹ እንደ ጉድጓድ ይበርዳል። የጥገና ኃላፊው ካፖርቱን እንደለበሰ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቀናል። አጎቴ የሞተውን ሞተር አወረደ፣ የራሱን አሰረ፣ ቀበቶውን አጠበቀ። ከዚያ እንደ ሙሽራ አባት ዙሪያውን ቃኝቶ ማብሪያውን ተጫነ።

«ነፈሰ!» አለ።

ኃላፊው መዳፉን ዘርግቶ ቆየ።

«ይሄ ንፋስ ነው ወይስ እስትንፋስ?»

ጥቂት ቆይቶ ማሞቂያው በሙቀት ታፍኖ ራሱን አጠፋ። አጎቴ ማጣሪያው ቆሽሿል አለ፤ ማጣሪያው ተጠረገ። የአየር መውረጃው ጠቧል አለ። መብራቱ ደክሟል አለ። እናቴን ካልከሰሰ ምን ቀረው ብዬ ስጠብቅ፣ ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ሞተሩ በሚያዞረው ማራገቢያ ሽፋን ላይ የተቀባውን ቀስት አሳየው።

«ቀስቱ ወዲያ፣ ሞተርህ ወዲህ።»

ይህ ከበሮ የሚመስል ማራገቢያ አታላይ ነው። ወደ ኋላ ቢዞርም ንፋሱ የሚወጣው በዚያው አፍ ነው፤ አቅም ብቻ ያጣል። ስለዚህ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ቀስቱን ነው። አጎቴ ግን «የእኔ በሁለቱም ይዞራል» እያለ ሲፎክር ስለኖረ ቀስት ማየት ትቷል።

ስህተቱ ገብቶታል። ጣቱ ወደ ማገናኛዋ ስትሄድ አይቻለሁ። ነቅሎ መገልበጥ ብቻ ነበር። ኃላፊው እየጠበቀው መሆኑን ሲያይ ግን ጣቱን ሰበሰበ።

«በእኔ ሞተር ወደ ኋላ የሚባል የለም ጌታዬ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሁለቱም ፊት ነው።»

«እንግዲያው ሕንፃውን እናዙረዋ!»

እናቴ ጠጋ አለችው። «ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ገልብጣት። ተሳሳትኩ በል አላልኩህም።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«አውርድልኝ» አለ ኃላፊው፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ቤት ስንደርስ አጎቴ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ ቦታ የለማ። ሊጠይቁ ለመጡት ጎረቤት «ሕንፃው ያረጀ ነው፤ ለእኔ ሞተር አይመጥንም» አላቸው። ለሁሉም ለሚሆን ሞተር አንድ ሕንፃ አልሆን አለ ማለት ነው። ጎረቤታችን ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልሳቁም፤ ጨዋ ናቸው።

እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ሞተሮቹን አንድ በአንድ ወደ በረንዳ ታወጣ ጀመር።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሳሎኔን እየፈለግኩ።»

«ኧረ ዝናብ ይመታዋል!»

«ለሁሉም ይሆናል ብለኸኝ የለ? ለዝናብም ይሁና!»

በሩ በንፋስ እየተዘጋ አስቸገራት። ያንን ዝነኛ ሞተር አንስታ በሩ ሥር ወሸቀችው። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ዛሬም እዚያው አለ፤ አጎቴ ሲገባና ሲወጣ ይራመደዋል። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ሳነብ ዓይኔ ያርፍበታል። በቀደም ጎንበስ ብዬ ሳየው ማገናኛዋ ተገልብጣ ተሰክታለች፤ ልክ በዚያ አዳራሽ መሰካት በነበረባት በኩል። እናቴ ሞተር አትነካካም፤ እኔም አልነካሁትም። አጎቴ ትክክሉን መሥራት አያቅተውም፤ የሚያየው ሰው ከሌለ።